ከቦሬ ጉም ማዶ፦ የሻኪሶ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ሐዋሳ

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የጉጂውን የወርቅ አገር፣ አዶላን፣ አላዩትም። የጂኦሎጂ ባለሙያ ናቸው። በደርግ ጊዜ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጡ፣ ከሶቪየት ባለሙያዎች ጋር ድንኳን ተክለው ድንጋይ ሲሰብሩ የከረሙት እዚያ ነው። «አንዴ ልየው» ሲሉ ልጆቻቸው ብቻዎትን አይሄዱም አሏቸው። እኔም ስለ ማዕድን ብዙ አንብቤ ሻኪሶ አጠገብ ያለውን የለገደንቢን የወርቅ ማዕድን በዓይኔ አላየሁትም ነበርና አጃቢ ሆንኩ። ሾፌራችን የአዶላ ልጅ ነው፤ አፋን ኦሮሞ ለማንችለው ለእኛ የሚያስተረጉምልንም እሱ ነው።

የዛሬው መንገድ የሚታወቅ ነው፤ ሞጆ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ። ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣ እየበላን ጋሼ ስለ ቁጥር አወሩ። ቁጥር ይወዳሉ። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ቡናን በልጧል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው የባህላዊ አምራቾች ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ። የዓለም ዋጋም አብሮ ጨመረ።

«እና ጥሩ ነዋ?» አልኳቸው።

«ለባንኩ እጅግ ጥሩ ነው» አሉ፣ አጥንቱን እየለቀሙ። «ለሻኪሶ ግን ሄደን እንይ እንጂ።»

አርብ፣ ሐዋሳ – ክብረ መንግሥት

ከይርጋለም በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። የሲዳማ ደጋ እንሰትና ቀርከሃ ነው፤ ሐገረ ሰላም ስንደርስ ሹራብ አወጣን፣ ቦሬ ስንደርስ ጋሼ ጋቢ ደረቡ። ቦሬን ጉም ውጧታል። ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ ሲል ሾፌራችን ክላክስ ላይ ተኝቶ ያልፋል። ቁርስ ቆጮ በአይብ በላን፤ ለብርዱ ሁለት ሁለት ስኒ ቡና።

ኬላ ብዙ ነው። ውረዱ፣ መታወቂያ፣ ሻንጣ ክፈቱ። የጉጂ አካባቢ ሰላም ጥቂት ዓመታት ሆነው እንደልብ አይደለም፤ ነዋሪው እያየ ይሄዳል፣ ሾፌሩም ማታ አይነዳም። በአንዱ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ወታደር የጋሼን የጂኦሎጂ መዶሻ አገላብጦ አይቶ «ይሄ ለምንድነው?» አለ። «ድንጋይ ለመጠየቅ ነው ልጄ» አሉት። ሳቀና አሳለፈን።

ከቦሬ ቁልቁል አየሩ ይሞቃል፣ አፈሩ ይቀላል፣ ደኑም ይጀምራል። ጋሼ ከዚህ በኋላ አፋቸውን አልዘጉም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የንጉሡ መንግሥት የአዶላን ደለል ወርቅ በሰፊው ያስወጣ ነበር፤ እስረኛ ሳይቀር ያስቆፍር እንደነበር ሽማግሌ ሁሉ ያወራዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈት የተባለ ሰው «አዶላ ትላካለህ» ይባል እንደነበር እኔም ከአያቴ ሰምቻለሁ። በደርግ ዘመን ደግሞ ፍለጋው ከደለሉ ወደ ዓለቱ ዞረ፤ በወንዝ ዳር የሚታጠበው ወርቅ የመጣበትን እናት ድንጋይ ማግኘት ማለት ነው። ለገደንቢ የዚያ ፍለጋ ውጤት ነው።

«እኛ ወርቁን ፈልጉ ተባልን እንጂ ውሃውን ለኩ ያለን የለም» አሉ ጋሼ። «ለክተነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚጨቃጨቁበት ነገር ግማሹ አይኖርም ነበር። ድሮ ምን እንደነበረ ካላወቅህ፣ ዛሬ የተበላሸው ምን ያህል እንደሆነ በምን ታውቃለህ?»

ይህን ነገር በማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩበት። በዚህ ዓለት ውስጥ ወርቅ ብቻውን አይኖርም፤ ሰልፈር ካላቸው ማዕድናት፣ አንዳንዴም አርሰኒክ ከሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ጋር ተቆራኝቶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ አንድ ሰው «አርሰኒኩን ያመጣው ቁፋሮው ነው» ሲል፣ ሌላው «ድሮም ከአፈሩ ነበር» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ማን ልክ እንደሆነ መለየት የሚቻለው ማንም ከመቆፈሩ በፊት በተወሰደ ናሙና ብቻ ነው።

ክብረ መንግሥት፣ አዶላ የምትባለው ከተማ፣ አመሻሽ ላይ ገባን። አልጋው ንጹሕ፣ ውሃው በባልዲ።

ቅዳሜ፣ ሻኪሶ

የገበያ ቀን ነው። ሻኪሶ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክልና ቡና የጫነ አህያ በአንድ መንገድ ይጋፋባታል። ከተማዋ ሁለት ሀብት ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለቱም ዋጋ ተወድዶላቸዋል። ታኅሣሥ የለቀማ ወቅት ስለሆነ ቀይ የቡና እሸት በየደጁ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ከግራ ከቀኝ ተቀምጠው ያልበሰለውን ይለቅማሉ። ያንን ሽታ የማያውቅ ሰው ቡና ከፍራፍሬ ወገን መሆኑን አያምንም።

አንድ ቡና አምራች አልጋዎቹ መሃል አቁሞ አስጎበኘን። የጉጂ ቡና በውጭ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሻኪሶ የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረጢት ሩቅ አገር ድረስ ይሄዳል። ቡናው ከመጫኑ በፊት ስንት ምርመራ እንዳለ ነገረን፤ እርጥበቱ ይለካል፣ ይቆላል፣ ይቀመሳል፣ የኬሚካል ቅሪት ይታያል። ይህ ጣጣ በከንቱ አልመጣም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያውን ስታጠብቅ አገሩ ሁሉ ተሯሩጧል። ጥፋቱ ከቡናው ሳይሆን ከጆንያው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ነበር።

«እዚህ የምትጠጡትን ውሃስ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ውሃውን ማን ይገዛዋል?» አለኝ። ቀልድም ቁምነገርም ነው።

ዋናው ችግሩ ግን ሌላ ነው፤ ለቃሚ የለም። ወጣቱ ጉድጓድ ወርዷል። ቀኑን ሙሉ ቡና ለቅሞ የሚያገኘውን፣ ዕድል የቀናው ልጅ በአንድ ጭላፊ አፈር ያገኘዋል። ዕድል ያልቀናው ወር ሙሉ ምንም አያገኝም፤ እሱን ግን ማንም አይቆጥረውም። አስተማሪዎቹም ተመሳሳይ ነገር ይላሉ አለን፤ የወርቅ ወሬ በተነሳ ሳምንት ክፍሉ ባዶ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ወርቅ ገዢዎቹ ጋ ሄድን። ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ካልኩሌተር፣ መዳፍ የምታክል ዲጂታል ሚዛን፣ በላይዋ የተከደነ መስታወት። ሚዛኗ እስትንፋስ እንዳያወዛውዛት ነው መስታወቱ። አንድ ጎረምሳ ከኪሱ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ገዢው ወረቀቱን ዘርግቶ በላስቲክ የተሸፈነ የስፒከር ማግኔት አሳለፈበት፤ ጥቁሩ አሸዋ ተላቅቆ ማግኔቱ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ በከንፈሩ ጫፍ ብቻ እፍ አለበት፤ የቀረው አቧራ ሄደ። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ቤቱ ጸጥ አለ። ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ያነባሉ። ለሁለተኛው አኃዝ ጭቅጭቅ ተነሳ፤ ጎረምሳው ሌላ ሱቅ አስመዝኜ ነበር ይላል። እንደገና ተመዘነ።

የግራምን መቶኛ በሁለት ሱቅ አስመዝኖ የሚያረጋግጥ ሕዝብ ነው።

እሁድ፣ ወንዙ ዳር

ወደ ጉድጓዶቹ የሄድነው በእግር ነው። ጋሼ ዱላና መዶሻ ይዘዋል።

የአካባቢው ወንዞች፣ እነ አዋታና ሞርሞራ፣ ወደ ዳዋ ይወርዳሉ። ዳዋ ዶሎ ላይ ከገናሌ ጋር ይገናኝና ጁባ ተብሎ ሶማሊያ ይገባል። ስለዚህ እዚህ ገበቴ ውስጥ የታጠበ አፈር የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል አስቡት። ዛሬ ያየነው ገባር ውሃው ማኪያቶ መስሏል። ዳርና ዳሩ ተቆፍሮ ተቆፍሮ የቀረው ሜዳ ሳይሆን ቀዳዳ ነው፤ ያልተደፈነ ጉድጓድ ከጉድጓድ ጎን። በክረምት ውሃ ይሞላል፣ ትንኝ ይራባበታል፣ ጥጃም ይገባበታል።

ጉድጓዱ አፉ ጠባብ ነው፤ ትከሻ ሰፊ ሰው አያስገባም። በግድግዳው ላይ ግራና ቀኝ የእግር መርገጫ ተፈልፍሏል። የሚወርደው ልጅ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ጥርሱ መሃል ይነክሰውና ይጠፋል። ከላይ ያሉት ሁለቱ ግማሹ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ይልካሉ፣ አፈር ሞልቶ ይጎትታሉ። ድጋፍ እንጨት የለም። ጋሼ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ዘልቀው የግድግዳውን አፈር በጣታቸው ፈረፈሩና ፊታቸው ተለወጠ። «ውጣ በሉት» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። «አባቴ፣ ይሄ እኮ ደህናው ነው» አለ አንዱ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የትኛው ሰፈር ጉድጓድ እንደተናደ፣ ማን እንደቀረ ስም እየጠሩ ነገሩን።

አፈሩ ወንዝ ዳር ይወሰዳል። የማጠቡን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ገበቴውን ያዞራሉ። ድንጋዩ ይጣላል፣ ቀዩ አፈር ይሄዳል፣ ከታች ጥቁር አሸዋ ይቀራል፣ በጥቁሩ አሸዋ ጫፍ ላይ ደግሞ ቢጫ መስመር። አንዲት እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ታጥብ ነበር። ገበቴዋን ወደ ጋሼ አዘነበለችላቸው፤ ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩና «ሦስት ፍሬ» አሉ። እሷ «አራት» አለች። አራት ነበር።

ድርሻው ወረቀት ላይ የሌለ ግን ሁሉም የሚያውቀው ሕግ አለው። ለመሬቱ ባለቤት፣ ለቆፋሪው፣ ለጎታቹ፣ ለአጣቢዋ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ካለ ለሞተሩ ባለቤት። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ከሰው ይበልጣል።

ጋሼ በጥንቃቄ ስለ ባዜቃ ጠየቁ። ሜርኩሪ ሲሏቸው ሁሉም አወቁት። «እኛ በእጅ ነው፤ ሌላ ቦታ ግን ይጠቀማሉ ሲባል ሰምተናል» አሉ። በብዙ አገር የደቀቀን ወርቅ በባዜቃ አጣብቀው ያንን እንክብል ከሰል ላይ ያቃጥሉታል፤ ባዜቃው በኖ ወርቁ ይቀራል። የበነነው ሳንባ ይገባል፣ ከዚያ ወደ አንጎል ይሄዳል፣ እርጉዝ ከሆነች ጽንሱን ያገኘዋል። በዓለም ላይ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ሜርኩሪ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የዚህ ዓይነቱ የወርቅ ሥራ ነው። ጋሼ ለሴቶቹ ይህን ሁሉ አስረዱ፤ ሾፌሩ እየተረጎመ። አንዷ መጨረሻ ላይ የጠየቀችው ጥያቄ፦ «ታዲያ ያለ እሱ የሚጠፋውን ደቃቁን ወርቅ በምን እንያዘው?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም አለ፤ ወለሉ ሻካራ ምንጣፍ የተነጠፈበት ተዳፋት ሳጥን ብዙውን ደቃቅ ይይዛል። የሚያስተምራቸው ሰው ግን አልመጣም።

ብዙ ጊዜ ስለ ማዕድንና ስለ ጤና ሲወራ አንድ ትልቅ ኩባንያ በአንድ ወገን፣ ደሃ ገበሬ በሌላ ወገን ይቆማል። እዚህ ወንዝ ዳር ግን ወንዙን የሚያደፈርሰው ራሱ ከታች የሚጠጣው ሰው ነው። ለእነዚህ ሰዎች «አካባቢን ጠብቁ» ብሎ መስበክ ያሳፍራል፤ አለመናገርም ያሳፍራል።

ሰኞ፣ ለገደንቢ

የመግቢያ ፈቃድ አልያዝንም፤ ከአጥሩ ውጭ ሆነን ነው ያየነው። ጋሼ ኮረብታዎቹን እየቆጠሩ ነበርና ግራ ገባቸው። «ይሄ በእኛ ጊዜ አልነበረም» አሉ። ልክ ናቸው፤ ኮረብታ አይደለም፣ ከጉድጓዱ የወጣ ውዳቂ ድንጋይ ነው፣ እንደ እርከን ተደርድሮ። በአንዳንዱ ላይ ሣር በቅሏል።

የሆነውን በአጭሩ ልጻፈው። ለገደንቢ መጀመሪያ የመንግሥት ማዕድን ነበር። በ1990 ዓ.ም. ሚድሮክ ወርቅ የተባለው የግል ኩባንያ በ172 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ የ20 ዓመት ፈቃድ ወሰደ፤ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ዋናው ትልቅ የወርቅ ማዕድን እሱ ነበር። ነዋሪዎች ለዓመታት ሲያቀርቡት የኖሩት ቅሬታ ነበር፤ የከብት ሞት፣ ውርጃ፣ አካል ጉዳት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት። ኩባንያው ጥፋቱን አልተቀበለም። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ለተጨማሪ 10 ዓመት ሲታደስ የጉጂ ሕዝብ መንገድ ላይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መንግሥት ፈቃዱን አገደው። በ2013 ማዕድኑ እንደገና ሥራ ጀመረ። የሰብአዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 ባወጣው ዘገባ ጉዳዩን እንደገና አንሥቶ፣ የተደረጉት ምርመራዎች ውጤት ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ጠይቋል።

ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አሠራሩን መሬት ላይ በዱላ ሳሉልኝ። በእንዲህ ዓይነት ማዕድን ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ወርቅ ጥቂት ግራም ነው። ድንጋዩ ይፈነዳል፣ ይሰበራል፣ ዱቄት እስኪሆን ይፈጫል፣ ከዚያ ሳያናይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል በተቀላቀለበት ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ወርቁ ይሟሟና በከሰል ይያዛል። የቀረው ጭቃ ሁሉ ወደ ዝቃጭ ግድቡ ይሄዳል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሳያናይዱን ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ በጥር 1992 ዓ.ም. ሩማኒያ ውስጥ ባያ ማሬ ላይ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 100,000 ሜትር ኩብ ገደማ ሳያናይድ ያለበት ውሃ ወንዝ ገብቶ፣ ዓሣውን እየጨረሰ እስከ ዳኑብ ወርዷል። የዛሬው ዓለም አቀፍ የሳያናይድ አያያዝ ደንብ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

«ግን ሳያናይድ ፀሐይ ሲመታው ይበታተናል» አሉ ጋሼ። «ማዕድኑ ተዘግቶ፣ ጥበቃው ሄዶ፣ ሁላችንም ከሞትን በኋላ እዚያ የሚቀመጠው አርሰኒኩና ከባዱ ብረታ ብረት ነው።» አርሰኒክ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ቀለም የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። ውሃን ማፍላት ደግሞ አይጠቅምም፤ እንፋሎቱ ሲሄድ የቀረው ውሃ ውስጥ እንዲያውም ይጠነክራል። ይህን የምጽፈው ከሰዓት በኋላ ያገኘናቸው ሴቶች «እኛ አፍልተን ነው የምናጠጣው» ስላሉን ነው። ማፍላቱ ለተቅማጥና ለታይፎይድ ደህና ነው፤ ለዚህ ግን አይደለም። አርሰኒክ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እነሱም አያውቁም፤ ነገሩ ራሱ ይኸው ነው።

ያገኘናቸው በጉድጓድ ውሃ ቦኖ ላይ ተሰልፈው ነው። ጀሪካኖቹ ተራ ይዘው ባለቤቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ውሃው ተመርምሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅን። «መጥተዋል» አለች አንዲት ጎልማሳ። «በጠርሙስ ቀድተው፣ ስም ጽፈው፣ በበረዶ ሳጥን ወሰዱ።» ምን አገኙ? ትከሻዋን ነቀነቀች። ሌላዋ ቀጠለች፤ ከእነዚህ ቀድተው ሄዱ፣ ከእነዚያ ቀድተው ሄዱ፣ ደም የወሰዱም ነበሩ። ተመልሶ የመጣ የለም። ሾፌራችን ይህን ሲተረጉም ድምፁ ጠንከር አለ፤ ለካ አክስቱ ነች።

ማታ ያረፍንበት ቤት ባለቤት ደግሞ በሌላ በኩል ገቡብን። ማዕድኑ ተዘግቶ በነበረባቸው ዓመታት አልጋ የሚይዝ ጠፍቶ ነበር አሉ። ደመወዝተኛው ሲበተን ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፣ ዱቤው አልተከፈለም፣ ሥራ ያጣው ወጣት ቀጥታ ጉድጓድ ወረደ። «ዝጉ ማለት ቀላል ነው» አሉ ሴትየዋ፣ ሽሮ እያቀረቡ። «እኔም ልጄን ያሳደግኩት በማዕድኑ ሠራተኛ ብር ነው። ግን የልጅ ልጄን ውሃ ከሱቅ ገዝቼ ነው የማጠጣው።» በዚህ ጉዞ የሰማሁት ሁሉ በእኚህ ሴት ሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ለውሃ ከሱቅ የሚከፍሉት ብር ግን ማዕድኑ ለአገር ያስገባው ተብሎ በሚነገረው ሒሳብ ላይ ሲቀነስ አላየሁም።

ማክሰኞ፣ ቢሮ

ጠዋቱን በወረፋ ጨረስነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ሰውየው ደግ ሰው ነበር፣ እጁ ላይ ያለው ግን ምንም የለም። የውሃ ምርመራ ውጤት ማየት እንፈልጋለን አልን። «ወደ ላይ ተልኳል» አለ። ወደ ታችስ? «እኛም አልደረሰንም።» ደብዳቤ ጻፉ አለን። ጋሼ እዚያው ወረቀት ተውሰው በእጃቸው ጻፉ፤ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ አይመዘገብም ተባለ። ጡረተኛ ማኅተም ከየት ያመጣል?

ሕጉ ግን የሚያሳፍር ሕግ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። የማዕድን አዋጁም ባለፈቃዱ የቆፈረውን መልሶ እንዲያቋቁምና ለማኅበረሰቡ ልማት እንዲያዋጣ ያስገድዳል። ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ከወረቀቱ የወጣ አንድ አኃዝ ግን ቦኖው ድረስ አልደረሰም።

በአንድ ጤና ተቋም ያገኘናት ነርስ ያለችው ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሆዴን ነካው። የሚመጡትን ትመዘግባለች፤ የወለደችውን፣ ያስወረዳትን፣ ሲወለድ ችግር ያለበትን። ምክንያት የሚለው ዓምድ ላይ የምትጽፈው ግን የላትም። ለወባ መመርመሪያ አላት፣ ለእርግዝና አላት። በደም ወይም በሽንት ውስጥ አርሰኒክንና ከባድ ብረታ ብረትን የሚያይ መሣሪያ እንዲህ ዓይነት ቦታ አይገኝም። ስለዚህ መዝገቡ ይሞላል፣ ሪፖርቱ ይሄዳል፣ ከላይ ያለው ባለሥልጣን ደግሞ «ከማዕድኑ ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ የለም» ብሎ ሊናገር ይችላል፤ ዋሸም አይባልም። ያልተለካ ነገር ማስረጃ አይሆንማ።

ረቡዕ፣ ቦሬ ላይ የቀጠለ ክርክር

ከመመለሳችን በፊት የሾፌሩ ዘመዶች ያለ ቡና አንሰድም አሉን። ቡና ቀላ ነበር፤ ቡናው ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ፣ ተመርቆ፣ ለትልቁ ሰው ቀድሞ የሚቀርበው። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ በገዳ ሥርዓት ውስጥ ኃላፊነት የነበራቸው ናቸው። ጋሼ በዕድሜ እኩያቸው ስለሆኑ ወሬው ቶሎ ሞቀ።

«ኦቦ፣ እኛ ወርቅ አይውጣ አላልንም» አሉ ሽማግሌው። «ወርቁ አንድ ቀን ያልቃል። ያን ጊዜ እነሱ ይሄዳሉ፣ እኛ ከውሃው ጋር እንቀራለን። ስለ ውሃው ዛሬ ንገሩን ነው የምንለው።»

ጋሼ ሌሊቱን ያሰቡበትን አውጥተው ዘረዘሩ። ከማዕድኑ በላይ አንድ ቦታ፣ ከታች ሁለት ቦታ፣ ከሰው መጠጫ ቦኖ አንድ ቦታ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበጋው መጨረሻና ዝናቡ እንዳበቃ። ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ ለሁለት የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ይሂድ። ውጤቱ በገበያ ቀን በአፋን ኦሮሞ ይነበብ፣ ቦኖው ላይም ይለጠፍ። ወጪው ማዕድኑ በሰዓታት ከሚያወጣው አይበልጥም አሉ። ይህ የጋሼ ግምት ነው፤ እኔ አላሰላሁትም፣ ግን ብዙ የተሳሳቱ አይመስለኝም።

ሽማግሌው ጸጥ ብለው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ቁጥሩ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ፣ የሚያቆመው ማነው?»

ጋሼ መልስ አልነበራቸውም። ቦሬ ላይ ምሳ ስንበላም ያው ጥያቄ ላይ ነበርን። ሾፌሩ ሕዝቡ ነው የሚያቆመው፣ በ2010ም ያቆመው እሱ ነው አለ። ጋሼ በሰልፍ የቆመ ነገር በስብሰባ ይከፈታል ብለው ተከራከሩ። እኔ የማዕድን ሚኒስቴርን አነሣሁ፤ ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚያግደው እሱ ነው፣ ምርቱ እንዲያድግ የሚገመገመውም እሱ ነው። በአንድ ወቅት የማዕድን ፕሮጀክቶችን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የመመርመር ሥልጣን ሳይቀር ለራሱ ለሚኒስቴሩ በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ዶላር የሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት ዶላር የሚያመጣውን ጉድጓድ ለአርሰኒክ ብሎ ይዘጋል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት የማስቆም ሥልጣን ከነበጀቱና ከነላቦራቶሪው ይሰጠው አልኩ። ጋሼ «የክልሉ ወይስ የፌዴራሉ?» ሲሉ ደግሞ አዲስ ክርክር ተጀመረ፤ ከትልልቅ ማዕድናት የሚገኘው ግብርና ሮያሊቲ (ከምርቱ ለመንግሥት የሚከፈል ድርሻ) በሕገ መንግሥቱ የሁለቱ የጋራ ነውና፣ ገንዘቡ ሁለቱንም ያባብላቸዋል። ሐገረ ሰላም እስክንደርስ ሦስታችንም አልተስማማንም።

ጋሼ ደብዳቤያቸውን ማኅተም ካለው አንድ የሙያ ማኅበር ጋር ሆነው እንደገና ሊጽፉት ነው።